ከጸበሉ በፊት ያሉት ቀናት

መርሳ፣ ጥር 27 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለቢኒያም፤ ደብረ ብርሃን።

ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር አውቃለሁ። ደሴ በአዳሪ ትምህርት ቤት ያሳደጉን መምህራን ይህን ያጠፋችውን ልጅ ጣቷን በማስመሪያ ይመቱ ነበር። ዛሬ ግን ሰላምታው ይቆየኝና መጀመሪያ ስለ እኔ የሰማኸውን ላርም።

ሚስትህን ከጸበል ጎትቼ አላወጣኋትም። ቄስ ማሩን በጃንጥላ አልመታሁም፤ ጃንጥላዬ በኅዳር ከአልጋዬና ከወንበሮቼ ጋር ተዘርፎ ተጭኖ ሄዷል፤ በምን እመታቸዋለሁ? ሃይማኖቴንም አልለወጥኩም። ወሬው ከማን እንደመጣ አልጠይቅህም። እናትህ ጥሩወርቅ ታናሽ እህቴ ናት፤ ስትቆጣ ወሬዋ እርሾ እንደገባበት ሊጥ እንደሚነሣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቃለሁ።

የሆነውን ልንገርህ። ከጥምቀት በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ወልድያ ሄጄ ከከተማው በላይ ወዳለው ጸበል ወጣሁ። ቤተልሔም ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጣለች፤ እግሯ በነጠላ ታስሯል። ትንሳኤ ከአያቷ ጀርባ ቆማ እናቷን ታያለች። የአራት ዓመት ልጅ እናቷን እንዲያ ሆና ማየት የለባትም።

«ለምን ታሰረች?» አልኩ።

«ለራሷ ብለን ነው» አለችኝ እናትህ። «መጀመሪያ መጥታ ስትጠመቅ ደህና ነበረች። አሁን እዚሁ ጸበሉ ላይ ሳለች ተነሣባት። ብርቱ ነው ማለት ነው። እስከ ፋሲካ ትቆያለች።»

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷን አባቷ ይወስዳታል። አንቺ ደግሞ ሳትወልጂ ስለ ልጅ አትናገሪ።»

«አልወለድኩም፤ አንቺን ግን አዝያለሁ» አልኳት።

ቄስ ማሩን እንደ ሥርዓቱ መስቀል ተሳልሜ ጠየቅኳቸው።

«አባ፣ እስከ ፋሲካ ትቆይ ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ አላልኩም። ቤተሰቡ ነው ያለው።»

«ብወስዳት ያዝኑብኛል?»

«ምን በወጣኝ! ሲሻላት ያምጧት» አሉኝ።

ቋጠሮውን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ እስከ አውቶቡሱ የሄደችው ግን በራሷ እግር ነው። አሁን ከነልጇ እኔ ዘንድ መርሳ ናት።

እነሆ ሰላምታዬ። እንደምን ሰንብተሃል? የደብረ ብርሃን ብርድ እንደማይስማማህ አውቃለሁ፤ ደረትህን ሸፍን። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

የጠየቅኸኝን በየተራው ልመልስ። ትበላለች፤ ጥቂት ነው፣ ግን ትበላለች። ሌሊት አትጮህም፤ አትተኛም እንጂ። ለምን አትደውሉም ላልከው፣ ስልኩ አንዳንድ ቀን ይሠራል፤ የሚይዘው ግን ገበያው መሀል ብቻ ነው፤ እኔ የቤተሰቤን ጉዳይ ሽንኩርት ነጋዴው እየሰማኝ አላወራም። ኑርሁሴን በአይሱዙው እህል ጭኖ ወደ እናንተ ይመላለሳልና ደብዳቤ ይበቃናል።

በመጨረሻው መስመር የጠየቅኸኝን አልመልስም። በእነዚያ ወራት በእሷ ላይ የደረሰ ነገር ካለ የሚነገረው በእሷ አፍ ነው። እኔንም፣ እናትህንም፣ ሌላም ሰው ስለዚህ እንዳትጠይቅ።

እኔም የምጠይቅህ አለኝ። ይህ ነገር መጀመሪያ የታየባት መቼ ነው? ከጦርነቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ደህና አድርገህ አስበህ ጻፍልኝ። እስከዚያ ልጅቷን የሚወስድ ሰው እንዳትልክ።

አክስትህ የሻረግ



ደብረ ብርሃን

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ ለእትዬ የሻረግ።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ዱቄት ፋብሪካ ሚዛን ላይ ነው የምሠራው። የሲሪንቃው የእርሻ ምርምር ሥራዬ መቼ እንደሚጀመር የነገረን የለም፤ በሐምሌ የዘራነው የማሽላ ሙከራ ምን እንደደረሰበት ሳስብ ያመኛል።

ስላስቆጣሁዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወሬውን እንደሰማሁ ጻፍኩት እንጂ በጃንጥላው ነገር እኔም አላመንኩም ነበር።

ለጠየቁኝ፣ ከጦርነቱ በፊት ነው። ትንሳኤ ክርስትና በተነሣች ሰሞን ቤቱ እንግዳ ሞልቶት ሳለ ቤተልሔም ጓዳ ገብታ ስታለቅስ አገኘኋት። «ምን ሆንሽ?» ስላት «እኔንጃ» አለችኝ። እኔን በማግባቷ የተጸጸተች መስሎኝ ለማንም ሳልናገር ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ይመጣል፣ ይሄዳል። አንዳንድ ሳምንት ከሲሪንቃ ስመለስ ከልጅቷ ጋር ስትስቅ ከበር ይሰማኛል። ሌላ ሳምንት ቀና ብላ አታየኝም፤ በትንሽ ነገር ትቆጣለች፤ ደረቴን ጨነቀኝ ትላለች፤ እንቅልፍ የላትም። ሁለት ሚስት ያገባሁ ነበር የሚመስለኝ። እናቴ ጸበል ስትወስዳት ትድናለች፤ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። እምነቷ ጎድሎ ነው የሚመለስባት ይላሉ። እኔ ምን እንደምል አላውቅም።

ቁርጡን ልንገርዎት። እናቴ ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት ሽማግሌ ይዛ ትመጣለች። ልጅቷን ትወስዳለች፤ ስለ መለያየትም ይነጋገራሉ። ጨካኝ ሆኜ አይደለም። ባለፈው ሐምሌ «ሳልነቃ ባድር ምን አለበት» ስትል በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ትንሳኤ አጠገቧ ተኝታ ነበር። አክስቴ፣ ልጄ ከእሷ ጋር ስትሆን ያሠጋታል ወይስ አያሠጋትም? ይህን ብቻ በእውነት ይመልሱልኝ።

ታዛዥ ልጅዎ ቢኒያም



መርሳ፣ የካቲት 24 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለቢኒያም።

እንደምን ከረምክ? ቀን የሌለው ደብዳቤህ ደርሶኛል። ቀን ሳይጽፉ ደብዳቤ እንደማይላክ አምስተኛ ክፍል አስተምሬሃለሁ። በዚህ ጉዳይ ደግሞ ቀን ዋናው ነገር ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ታገኘዋለህ።

አስቀድሜ ለጥያቄህ። ልጅቷን በክፉ ዓይን አይታት አታውቅም። ሕመሙ ሲመጣባት ራሷ ቀድማ «እትዬ፣ ትንሳኤን ያዙልኝ» ትለኛለች። እንዲህ የምትል እናት ልጇን ትጎዳለች ብዬ አልፈራም። የምፈራው ለራሷ ነው። «ሳልነቃ ባድር» ማለቷን በሐምሌ ሰምተህ እስከ የካቲት በሆድህ መያዝህን አልወደድኩትም። እንዲህ ያለ ቃል ከሰው አፍ ሲወጣ የሚነገረው በዚያው ቀን ነው።

ቀጥሎ የምጽፈው ለወንድ አይጻፍም የሚባል ነገር ነው። አንተ ግን ባል ነህ፤ ታነበዋለህ።

መርሳ መቆየት ሲያቅተን ጎረቤቴ ዘይነባ ግራና አጠገብ ወዳለው ወንድሟ ቤት እንደወሰደችን ታውቃለህ። በእነዚያ ወራት ሱቅ ሁሉ ባዶ ነበር። ጨው የለም፣ ሳሙና የለም፣ ሞዴስም የለም። ሴቱ ሁሉ እንደ ጥንቱ ወደ ጨርቅ ተመለሰ። የዘይነባ ሻሾች ተቀደዱ፤ የእኔ ነጠላዎች ተቀደዱ። ድሮ እያንዳንዷ ሴት ደብቃ የምትይዘው ነገር የቤቱ ሁሉ ሥራ ሆነ፤ እኔ እቀድዳለሁ፣ ዘይነባ ትቀቅላለች፣ ከቤቱ ጀርባ ይሰጣል። መርሳ ከተመለስንም ወዲህ ሞዴስ የሚሸጥ ስላልተገኘ ይኸው ቀጥሏል።

እኔ ምንም አላስተዋልኩም። ያስተዋለችው ዘይነባ ናት። ባለፈው ሳምንት የደረቀውን ጨርቅ ስናጥፍ፣

«የሹ፣ የዚችን ልጅ ነገር ልብ ብለሻል?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ጨርቅ ስትጠይቀኝ ይለቃታል። ግራናም እንዲሁ ነበር። ከዚያ በፊት ያለውን ሳምንት ሞታ ትከርማለች፤ ጨርቁን በጠየቀች በማግሥቱ ተነሥታ ሻይ ታፈላልናለች።»

«አንቺ ደግሞ ይህን ስትቆጥሪ ከረምሽ?»

«እኛማ ልማዳችን ነው። በአበባችን ምክንያት ረመዳንን ያልጾምነውን ቀን ኋላ ቀዷ እናወጣ የለ? ሴት ቀኗን ካላወቀች ምኑን ትከፍላለች? የሒሳብ አስተማሪዋ አንቺ፣ የምቆጥር እኔ! ወላሂ አስቢው።»

አሰብኩት። በታኅሣሥ የጀመራት በገብርኤል ነው። በጥር በኪዳነ ምሕረት ጀመራት። በየካቲት በሚካኤል ማግሥት። ጸበሉ ዘንድ ያሉ ሰዎች መጀመሪያ «መንፈሱ ገብርኤልን አይወድም» አሉ፤ ቀጥለው «ኪዳነ ምሕረትን አይወድም» አሉ። በዚህ አያያዙ ታቦቱን ሁሉ የኋሊት ሊያዳርስ ነው። ሰይጣን ይህን ያህል ሥርዓት ያለው አይመስለኝም። እንዲህ ቀኑን ጠብቆ የሚመላለስ የሴት ገላ ነው።

ከዚያ የጸበሉን ነገር አሰብኩ። እኔ በጸበል አምናለሁ፤ ዛሬም ጠጥቼ ነው የዋልኩት። ግን እናትህ የምትወስዳት መቼ መቼ ነው? ሲብስባት «እንውሰዳት» ይባላል። ስንቅ ሲሰናዳ አበባዋ ይመጣል። በአበባዋ ጸበል አትገባምና እስክትነጻ ሳምንት ይጠበቃል። ታጥባ፣ ነጭ ለብሳ ስትሄድ ሕመሙ ከለቀቃት ሰንብቷል። የዳነች ሴት እያስጠመቅን «ዳነች» ስንል ኖርን። ሲመለስባት ደግሞ ጥፋቱ የእሷ ሆነ። በዚህ ጥር ብቻ እዚያው ከረመችና ሕመሙ ጸበሉ ላይ አገኛት፤ እግሯን ያሳሰራትም ይኸው ነው። ጸበሉ አላታለለንም። ቀኑን ሳናይ የቀረን እኛ ነን።

ይህን ይዤ ሲስተር ፀሐይ ዘንድ ወሰድኳት። የአእምሮ ሕክምና የተማረች ነርስ ናት፤ የምትሠራበት ክፍል በር ስለሌለው በሸራ ጋርዳ ነው በሽተኛ የምታየው። ብዙ ጠየቀቻት፤ እኔን አስወጥታም ብቻዋን አነጋገረቻት። ኋላ የነገረችኝ ይህን ነው። ሆርሞን የሚባለው ነገር በሴት ገላ ውስጥ በየወሩ ከፍ ዝቅ ይላል። ብዙዎቹን ትንሽ አነጫንጮ ያልፋል። የአንዳንዷ አንጎል ግን ያን ለውጥ አይችለውም፤ ጭንቀትና ቁጣ፣ መነሻው የማይታወቅ ሐዘንም ይጭንባታል፤ አበባዋ ሲመጣ ያነሣላታል። ከወሊድ በኋላ የታመመች ሴት ለዚህም የተጋለጠች ትሆናለች። ረሃብ፣ ፍርሃትና እንቅልፍ ማጣት ያብሱታል። ስለዚህ ጦርነቱ አባባሰው እንጂ አላመጣውም። እብደት አይደለም፤ የእምነት ጉድለትም አይደለም። መድኃኒትም አለው። ሆኖም «በየወሩ የሚጀምርበትንና የሚለቅበትን ሳላይ እርግጠኛ አልሆንም» አለችኝ። ይህን በማለቷ ወደድኳት።

ቤተልሔም ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ ስም አለው ማለት ነው?»

«አለው።»

«ሌላም ሰው ይይዛል?»

«ይይዛል።»

እዚያው መንገድ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች። አላስነሣኋትም።

ለማንም ያልተናገርኩትን ለአንተ ልጻፍ። አርባ ስምንት ዓመት ሲሆነኝ፣ አበባዬ ሊቆም ሲል፣ አንድ ዓመት ሙሉ ጨለመብኝ። የሞተብኝ የለም፤ የጎደለኝ የለም። ክፍል ገብቼ ሳስተምር እንባዬ ይመጣል። ተማሪዎቹ እንዳያዩኝ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ተካፍሎ የማያልቅ ቁጥር እያካፈልኩ እቆም ነበር። አንተ አራተኛው ረድፍ ላይ ነበርክ። ከዚያ አለፈ። ለብቻዬ በማሳለፌ ያተረፍኩት ግን የለም፤ ይህች ልጅም ለብቻዋ እንድታሳልፈው አልፈልግም።

አሁን ቀን ለምን እንደሚያስፈልግ ስማ። ሳይመጣ በፊት ጽፌ እፈርማለሁ። በመጋቢት መስቀል ወይም በዚያ አካባቢ ይጀምራታል፤ ከሳምንት በኋላ ይለቃታል። እንዲህ ካልሆነ እናትህን አልከራከርም። እንዲህ ከሆነ ግን ከሆሳዕና በፊት ያለው ሳምንት ሕመሟ እንደገና የሚጀምርበት ነው። ሽማግሌዎቹ መጥተው የሚያዩት ያንን ነው፤ በአንድ ሳምንቷ ዕድሜዋን ሙሉ ሊፈርዱባት ነው።

ሞዴስ ገዝተህ በኑርሁሴን ላክ። ሰው ልከህ ሳይሆን ራስህ ገብተህ ግዛ።

አክስትህ የሻረግ



ደብረ ብርሃን፣ ዓርብ፣ መጋቢት 2 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ ለእትዬ የሻረግ።

ሰላምታዬ ይድረስዎ። እንዳዘዙኝ ቀኑንም ሰዓቱንም ጽፌያለሁ።

ደብዳቤዎን ከአንድ ጊዜ በላይ አነበብኩት። መጀመሪያ አፍሬ አጠፍኩት፤ ኋላ ግን የሰሌዳውን ነገር ሳነብ ያ ጊዜ ትዝ አለኝ። እኛ ከባድ ሒሳብ እየሰጡን መስሎን በሆዳችን እንረግምዎት ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

ያዘዙኝን ገዝቻለሁ። ሱቁ ገብቼ መጀመሪያ ሳሙና ገዛሁ፣ ቀጥዬ ክብሪት ገዛሁ፣ ከዚያ ምላጭ። ባለሱቋ «ወንድሜ፣ የመጣህበትን ንገረኝ፤ ሱቁን ጨረስከው» አለችኝ። ነገርኳት። በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ኑርሁሴን ደግሞ ጥቅሉን ነካክቶ «ዳቦ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት፤ ስለዚህ እንዳይቆርሰው ቶሎ ይቀበሉት።

ፋብሪካው ፈቃድ ስለማይሰጠኝ በዚህ ወር መምጣት አልችልም። የጻፉት እንዳሉት መሆን አለመሆኑን ይጻፉልኝ። እናቴን እስከዚያ ምንም አላልኳትም።

ሌላም ነገር ልጠይቅዎት ነበር፤ ጽፌ ሰረዝኩት።

ታዛዥ ልጅዎ ቢኒያም



መርሳ፣ መጋቢት 24 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለቢኒያም።

እንደምን አለህ? ዛሬ ዘይነባ ረመዳንን ያዘች፤ ከግድግዳው በዚያም በዚህም ጾም ሆኗል። ሰላምታ ብላሃለች። ዳቦው ሳይቆረስ ደርሷል። ቤተልሔም ጥቅሉን ፈትታ ስታየው «ራሱ ገብቶ ገዛ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ሦስት ጊዜ። አንድ አውጥታ ለዘይነባ አሳየቻትና ሁለቱም እስኪያማቸው ሳቁ።

ይጻፉልኝ ላልከው፣ በአንድ ቀን ተሳስቻለሁ። በመስቀል ሳይሆን በማግሥቱ ጀመራት። የለቀቃትም እሑድ ነው። እንቅልፍ አጣች፤ ትንሳኤ ጽዋ ብትሰብር አምርራ ጮኸችባትና ራሷ ደንግጣ ዘይነባ ዘንድ ወሰደቻት። ቡናና ጨው ቀንሰናል፤ ማታ ማታ ወደ አትክልቱ ማሳ እንሄዳለን። አንዱ ቀን ከሌላው አይመሳሰልም።

ሰርዤዋለሁ ያልከው ጥያቄ ይነበባል፤ መስመርህ ቀጭን ነው። «ስለ እኔ ምን ትላለች?» ነው ያልከው። በደጉ ቀን ስላንተ ምንም አትልም። በክፉው ቀን «ጥሎን ሄደ» ትላለች።

እስከዚህ ድረስ ጽፌ ልፈርም ነበር። ግን አንተን በሐምሌ የሰማኸውን ለምን ደበቅህ ብዬ የተቆጣሁ ሴት እኔ መደበቅ የለብኝም።

ረቡዕ ዕለት ከገበያ ስመለስ ቤት አልነበረችም። ያገኘኋት ወንዙ ዳር ነው። ጫማዋን አውልቃ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ውኃው በዚህ ወር ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ቢሆንም በታመመ ጉልበቴ ፈጥኜ ወረድኩ። እኔም ጫማዬን አውልቄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ለምን መጡ እትዬ?»

«እግሬን ልታጠብ።»

እግሬን ውኃው ውስጥ ነከርኩ።

«እብድ ነኝ አይደል?»

«አይደለሽም።»

«ታዲያ ምንድን ነኝ?»

«የደከመሽ ሰው ነሽ። ቅዳሜ ወይ እሑድ ይለቅሻል።»

«ባይለቀኝስ?»

«ሰኞ እንነጋገራለን።»

ተያይዘን ወደ ቤት ሳይሆን በቀጥታ ሲስተር ፀሐይ ዘንድ ሄድን። ሞት ሲነሣ «ቀኑ ያልፋል» ብሎ መተው እንደማይገባ አጥብቃ ነግራኛለች። እስኪለቃት ድረስ እኔና ዘይነባ እየተፈራረቅን አብረናት አደርን። ሲስተር ከደሴ ያስመጣችላት መድኃኒት ደርሶ ጀምራለች፤ እስኪሠራ ግን ሳምንታት ይፈልጋል ተብለናል።

ሰኞ ጠዋት ገና ዓይኔን ስገልጥ ከመኝታዬ አጠገብ ቆማለች። «ሰኞ ነው እትዬ፤ እንነጋገር» አለችኝ፤ ፈገግ ብላ። የተነጋገርነውን አልጽፍልህም። ከዚያ ውስጥ አንዱን ብቻ ፈቅዳልኛለች፤ «ልጄን ከወሰዱብኝ ሰኞ የሚባል ነገር አይኖረኝም በሉት» ብላሃለች።

እናትህ ከትናንት ወዲያ ሐሙስ መጥታ ውላለች። ለልጅቷ ቀሚስ አምጥታለች፤ ለቤተልሔም በሶ። ወልድያ ያለው ቤቷ ጣሪያው እስካሁን አልተሠራም፤ ከእሱ ሥር እየኖረች ነው በሶ የምትፈጨው። ይህንንም እወቅ። ቤተልሔምን ደህና ሆና ስላገኘቻት «ተመስገን፣ ጸበሉ ያዘላት» አለች። የቀኑን ነገር ነገርኳት። «ሴት ሁሉ አበባ ያያል፤ ሁሉ ያብዳል እንዴ?» አለችኝ። «ሰው ሁሉ ብርድ ይመታዋል፤ ሁሉ የሳንባ ምች ይይዘዋል እንዴ?» አልኳት። ቀጠሮዋን አልሰረዘችም። ከሆሳዕና በፊት ትመጣለች። ሊያስቀራት የሚችል አንድ ሰው ነው፤ እሱም እኔ አይደለሁም።

አክስትህ የሻረግ



መርሳ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለቢኒያም።

ደብዳቤህን ኑርሁሴን ትናንት አደረሰልኝ። ለእናትህ በራስህ ቃል ነግረህ ሽማግሌዎቹን ማስቀረትህን፣ ልጅቷ ከእናቷ ጋር እንደምትቆይ መቁረጥህን አንብቤ መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁት። እናትህ እንዳለቀሰች ጽፈሃል። ታልቅስ፤ ከፋሲካ በኋላ እኔ ራሴ ወልድያ ሄጄ እክሳታለሁ። ታናሼ ናት።

ፋብሪካው ቢያባርረኝም እመጣለሁ ላልከው፣ በማይመች ሳምንት መምጣት ትክክለኛው አመጣጥ ነው። ኑርሁሴን ይህን ይዞ ዛሬ ይነሣል፤ ከነገ ወዲያ ከእሱ ጋር ስትመጣ መንገድ ላይ ደግመህ አንብበው።

ዛሬ ጠዋት ጀመራት። ከጠበቅሁት ቀደም ብሏል። እንደምትመጣ ስነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «በዚህ ሳምንት አያየኝ» አለች። «ሊያይሽ ነው የሚመጣው» አልኳት። ከሰዓት በኋላ ግን ተነሥታ ራሷን ታጠበች። መድኃኒቱ ይሁን፣ የመምጣትህ ወሬ ይሁን፣ ቀኑ ገና ለጋ ሆኖ ይሁን አላውቅም። የማላውቀውን አውቃለሁ አልልህም። ሲስተር ፀሐይም አንድ ወር ሲቀል፣ ሌላው ሲከብድ ሊቆይ እንደሚችል ነግራናለች።

ምን ልበላት ብለህ ጠይቀኸኛል። የምትለውን አልጽፍልህም፤ የማትለውን ልጻፍልህ። «ተነሺ፣ በርቺ» አትበላት፤ ብትችል ተነሥታ ነበር። «እንዳንቺ ያለች ሴት ስንት የደረሰባት አለች» አትበላት። ስትቆጣ ከቤት አትውጣ፤ ስታለቅስ ምክንያቱን አትፈልግ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አሁን ነገሩ ስም አገኘ ብለህ የምትናገረውን ሁሉ «ቀኗ ነው» እያልክ እንዳታልፈው። ነሐሴ ላይ ከሥራ ጓደኞችህ ጋር በሦስተኛው ቀን እመለሳለሁ ብለህ ሄድክ፤ ይኸው ስምንት ወር ሆነ። ጥለኸን ሄድክ ብትልህ ያ ሕመም አይደለም፤ እውነት ነው። ሕመሙ ያደረገው በደጉ ቀን የምትውጠውን እንዳትውጠው ብቻ ነው። ቁጭ ብለህ ስማው። መንገዱ ተዘግቶ እንደነበር ታውቃለች፤ ይህን ማስረዳት አያስፈልግህም። የምትጠብቀው ሌላ ቃል ነው፤ እሱን ደግሞ እኔ ላስጠናህ አልችልም።

ስለ እነዚያ ወራትም አንተ አትጀምርላት። ከጀመረች አታቋርጣት።

አልጋ እንደሌለኝ ታውቃለህ፤ መሬት ላይ ትተኛለህ። ዘይነባ በአፍጥር ሰዓት ሾርባ እንደምትልክልህ ምላለች፤ እኔ የጾም ወጥ እሠራለሁ፤ በሁለት ጾም መሀል አትራብም።

አሁን ብዕሬን ላስቀምጥ፤ ነገ ሥራ አለብኝ። ስነሣ መጀመሪያ ለቤተልሔም መድኃኒቷን በውኃ እሰጣታለሁ፤ ስትውጠው ቆሜ አያለሁ። ከዚያ ከዘይነባ ምንጣፍ ተውሼ አራግፋለሁ። ሲስተር ፀሐይ ዘንድ ደርሼ ሕመሙ መጀመሩን እነግራታለሁ። የተቀቀሉትን ጨርቆች ከገመዱ ላይ አውርጄ አጥፌ ከሣጥኑ ታች አስቀምጣለሁ፤ አልጥላቸውም፣ ግን አዲስ አልቀድም። ትንሳኤ እንደ ባለፈው ወር ወደ ዘይነባ አትሄድም። አባትሽ ሊመጣ ነው ብላት ጸጉሬ ይሠራ ማለቷ አይቀርም። እኔ አልሠራላትም። ማበጠሪያውንና ቅባቱን አውጥቼ እናቷ ከምትተኛበት አጠገብ አስቀምጣለሁ። ከቻለች ትሠራታለች። ካልቻለች ማበጠሪያው እዚያው ይቆያታል።

አክስትህ የሻረግ